ከዛፉ ሥር ያለው ነጭ ሸሚዝ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን በጎንሽ ነው የምትወርጂው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የትልቁ ድምፅ ጎርንኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከማን እንደሰማሁ አትጠይቂኝ፤ ሰው ከእህቱ ቢለያይም ወሬዋ አይለየውም። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። በየሳምንቱ ሐኪሙ እየመጣ ግፊቴን ይለካና ከእኔ ግፊት ያንቺ ይሻላል ብሎኝ ይሄዳል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ፍሬም ሠሪው ነው። አዎ፣ ያው የድሮው ሽማግሌ፣ አንቺ ሚስማር ጎራሹ የምትዪው። ዛሬም ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ ነው የሚያወራው፤ እስካሁን አንዱንም አለመዋጡ ይገርመኛል። ከዚህ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ስለሚነበብ ደብዳቤውን ከአንድ ሥዕል ጀርባ፣ በሸራውና በካርቶኑ መካከል አድርጌ ሰጥቼዋለሁ። ምን እንደያዘ አያውቅምና ምንም አትጠይቂው። ሥዕሉን ግን ተቀበዪው፤ እንዲያው ሰበብ እንዲሆነኝ ያነሳሁት ያልተጨረሰ ነገር ነው።

ባልሽ፣ ወንድም ጋሼ፣ ካረፈ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ካረፈ ብዬ ጻፍኩና ደስ አላለኝም። ከተገደለ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ለለቅሶው ደጅሽ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ታስታውሻለሽ። ጎረቤትሽ ወጣችና እሷ ትግባ፣ ከኋላዋ ያሉት ሁለቱ ግን እዚህ ቤት አይረግጡም ብላለች አለችኝ። ጠባቂዎቹ ደግሞ ጥለናት አንቆምም አሉ። ግማሽ ሰዓት መንገዱ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። በሳምንቱ ያንቺ ወረቀት መጣልኝ፤ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ያን ቀን ባልሽ የት ነበር? ይላል። እኔም ለዚያ መልስ የአበባ ጉንጉን ላኩልሽ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነን ቀረን። እውነትሽን ነው፤ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን የተላከልኝን አበባ ወደ ቆሻሻ ነበር የምወረውረው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከኑሮዬ ልጀምርልሽ። የሥዕል ክፍሌ ላይኛው ፎቅ ነው። መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ብርሃን ያኔ አግኝተን ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም በደስታ እናብድ ነበር። እኔ ግን ካንቺ ሐዘን ወዲህ ብሩሽ አልነካሁም። የቀለም ቱቦዎቹ አፋቸው ላይ ደርቀዋል። ጠዋት ጠዋት እወጣና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማዩን አያለሁ። ሰማያዊ መሆኑን አውቃለሁ፤ በቃ፣ ሌላ የሚመጣልኝ ነገር የለም። ድሮ ይኼ የትኛው ሰማያዊ ነው እያልን ምሳችን እስኪበርድ ስንከራከር እንውል ነበር። አሁን ሙቅ ውሃ ውስጥ እጄን ስከት እንኳ ሙቅ መሆኑን የማውቀው እንፋሎቱን አይቼ ነው። ለሐኪሙ ብነግረው እንቅልፍ ይሻላታል አለ። ምንም አይሰማኝም እታለም። መጥፎም አይሰማኝም።

ሰዉ ግን አሁንም ሠዓሊዋ እያለ ያወድሰኛል። ሥዕሌ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። አንድ ሚኒስትር ከሐይቅ ሥዕሎቼ አንዱን ዘቅዝቆ ሰቅሎት ሰባት ወር ቆይቷል። ጀልባዋ ሰማይ ላይ፣ ደመናው መሬት ላይ። ለሥራ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ቢሮው ገብቼ አየሁት። እንዴት ነው ሥዕሉ፣ ወደዱት? ብዬ ብጠይቀው፣ በየቀኑ ጠዋት ሳየው መንፈሴ ይታደሳል አለኝ። ሳቄን አፍኜ ወጣሁ። አልነገርኩትም። ከአጠገቡ ስንት ሰው እንዳለፈ አስቢው፤ ወይ አላዩትም፣ ወይ አይተው ፈርተዋል። የእኔን ሥዕል የሚያይ ሰው የለም፤ ጥግ ላይ ያለውን ፊርማ አይተው ነው የሚያልፉት። ይህን ልብ በዪልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ስለ ማተሚያ ቤቱ አንቺን ማስረዳት ለቀባሪው አረዱት ነው። ሠራተኞቹ መሪው ያወጣውን ያንን ሕግ አናትምም ብለው ማሽኑን አቁመው ተቀመጡ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወታደሮቹ ገቡ፤ ከወንድም ጋሼ ጋር አሥራ አንድ ሰው አለቀ። አጣሪ ኮሚሽኑ ዓመት ሙሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ተኩሱ ያለው ማን ነው? ተረኛው መኮንን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመሪው ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ፣ ድምፁንም አውቀዋለሁ፣ ራሳቸው ናቸው ብሎ ቃሉን ሰጠ። የኛ ሰውዬ፣ መሪው ባሌ፣ ደግሞ ያን ጠዋት ቢሮ አልገባሁም፣ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ከባለቤቴ ጋር ሐይቁ ዳር ነበርኩ፣ እዚያ ቤት ስልክ የለም አለ። ምስክርህ ማን ነው ሲሉት ባለቤቴ ናት፣ እየሳለችኝ ነበር፣ ሥዕሉም አለ አላቸው።

ሥዕሉ እውነት ነው፤ አለ። ሸራው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ውሃው አለ፣ ትልቁ ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ሥር ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ሰው አልኩት እንጂ ሦስት የብሩሽ ምት ነው፤ አንዱ ለጀርባው፣ አንዱ ለክንዱ፣ አንዲት ትንሽ ቡናማ ለራሱ። አንቺ በመተጫጨታችን ሰሞን ሲያወራ ሰምተሽ አዋጅ ብለሽ ስም ያወጣሽለት ሰው፣ ስንት አደባባይ የማይበቃው ሰው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሦስት ምት ሆነ።

ቃሌን የሰጠሁት እንዲህ ነው። ቁርስ ላይ ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ የሐይቁ ሥዕል የት ነው አለኝ። ላይ ነው አልኩት። እኔ ያለሁበት? አለኝ። አዎ አልኩት። ያን ጠዋት አብረን ነበርን አለኝ። እየጠየቀኝ አልነበረም። ቀጥሎም ሕዝቡ አንቺን ያምንሻል፤ ያየሽውን እንጂ ያላየሽውን ስለሽ አታውቂም፣ ጠላቶቼ እንኳ ይህን ይመሰክሩልሻል አለኝ። ከዚያም ልጃችን ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ የአባቷን ነገር ከጋዜጣ እንድታነብ ትፈልጊያለሽ ወይ አለና ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ሰጠኝ። ተቀብዬ በላሁ። ምን ምን እንደሚል አላውቅም፤ በላሁት ብቻ።

ከምሳ በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ፋይሉን በብብቱ ይዞ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠርጎ ነው የገባው። ሥዕሉን አወረድኩለት፤ ገለበጠው። የእኔን ልማድ ታውቂዋለሽ፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሥዕል እንደጨረስኩ፣ ብሩሼን እንኳ ሳላጥብ፣ ከጀርባው ያለው እንጨት ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ እጽፋለሁ። እዚያም ላይ ጽፌ ነበር። ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ከዚያ ከኪሱ አዲስ ላጲስ አወጣ። ቀኑን አልነካውም፤ ቀኑ ትክክል ነው። ሰዓቱን ግን ብዙ ጊዜ ወስዶ በጥንቃቄ አጠፋው፤ ፍርፋሪውን እፍ ብሎ አራገፈና እርሳሱን ለእኔ ሰጠኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ብለው ይጻፉልኝ አለ። ጻፍኩለት። የእጅ ጽሑፉ የራሴ ነው፤ ማን ይጠራጠራል?

ሊሄድ ሲል ሥዕሉን አቃንቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ሌላ መስተካከል ያለበት ነገር ይኖር ይሆን ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ቆሜ አየሁት። ብዙ አየሁት። ያቀረብኩለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መሰለኝ። ከዚያ ምንም የለም አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። አመስግኖኝ ወጣ፤ በማግስቱም ሥዕሉን አሽገው ወሰዱት፤ እኔም ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። ሾፌሩም ጠባቂዎቹም የተነበበላቸውን ፈርመዋል።

እታለም፣ እነሱ የሥዕሉን ጀርባ ነው ያዩት። ፊቱን ያየ የለም።

ያን ዳርቻ ታውቂዋለሽ። ቤቱ ሳይሠራ፣ አጥሩ ሳይታጠር፣ ሁለታችን በእግራችን እየሄድን ስንስለው የነበረው ቦታ ነው። ውሃውን ፊት ለፊት አድርገሽ ስትቀመጪ የጀልባ ማቆሚያው በቀኝሽ ነው፣ ኮረብታው በግራሽ። ፀሐይ በጀልባ ማቆሚያው በኩል ትወጣለች፣ ከኮረብታው ጀርባ ትገባለች፤ ይህን እንኳን ሌላ ሰው፣ አንቺ አዋጅ የምትዪው ሰውም ሊሽረው አይችልም። ስንቴ እጄን መትተሽኛል! ጥላው ሲዞር ብሩሽሽን አስቀምጪ፣ ነገ ትቀጥያለሽ፣ የጠዋት ዛፍ ላይ የማታ ጥላ አትለጥፊ እያልሽ። ጠዋት ጠዋት የትልቁ ዛፍ ጥላ ወደ ኮረብታው ነበር የሚተኛው፤ ምሳችንን የምናስቀምጠውም እዚያ ነበር።

በእኔ ሥዕል ላይ ጥላው ሐምራዊ ነው። ረጅም ነው። ጫፉ የጀልባ ማቆሚያውን እንጨቶች ነክቷል።

ለሌላ ሰው ቢሆን ማብራራት ነበረብኝ። ላንቺ አያስፈልግም።

አሁን የምነግርሽ ግን ከዚያም የባሰ ነው፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። በትዳራችን አሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስስል መጥቶ አይቶኝ አያውቅም፤ ጭቃ ያለበት ቦታ አይወድም። ያን ቀን ድንገት መኪናው መጣ። ኮቱን መኪናው ውስጥ ትቶ በሸሚዙ ብቻ ወደ እኔ ወረደ። ውሃ ስጪኝ አለ፤ ሰጠሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነበር የያዘው። የደከመው መሰለኝ። ከዚያ ዛፉ ሥር ሄዶ ተቀመጠና ሥራሽን ቀጥዪ፣ ዛሬ ዝም ብዬ ልይሽ አለኝ። እዚያ ቤት ስልክ የለም፤ ሬዲዮም አልከፈትኩም ነበር፤ ምንም አልሰማሁም። እና እኔ ሞኟ፣ በስተርጅና ባሌ ሊያየኝ መጣ ብዬ፣ እያንጎራጎርኩ ሳልኩት። ሸሚዙ ላይ ያለው ነጭ፣ ከስሩ ትንሽ ሮዝ ያለበት ነጭ፣ ዘለዓለም ስፈልገው የነበረ ነጭ ነው፤ ያን ቀን በአንድ ምት መጣልኝ። ጠባቂዎቹን ሁልጊዜ ግንድ አድርጌ ነበር የምስላቸው፤ ያን ቀን እነሱንም ወደድኳቸው። በሕይወቴ ከሳልኳቸው ሁሉ የሚበልጠው ያ ሥዕል ነው። ወንድም ጋሼ ደግሞ ያን ጊዜ የማተሚያ ቤቱ ወለል ላይ ነበር። አንቺም በሩ ላይ ቆመሽ አስገቡኝ፣ ባሌን አሳዩኝ እያልሽ ትለምኚ ነበር። ወሬውን የሰማሁት ሲመሽ ነው፤ ከእሱ ሳይሆን ከምግብ አብሳይዋ።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ይቅር ብትዪኝም አሁን የሚሰማኝ አይመስለኝም።

ሐሙስ የመጨረሻው ችሎት ነው። ሥዕሉን አዳራሹ ውስጥ ማቆሚያ ላይ ያቆሙታል፤ እኔም በሕዝብ ፊት ቃሌን አጸናለሁ፤ ማታውኑ ፋይሉ ይዘጋል። አንቺ የመጀመሪያው ቀን ተነስተሽ ከወጣሽ ወዲህ እንዳልተመለስሽ አውቃለሁ፤ አልፈርድብሽም። ግን የሟች ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ምስክር አንድ ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው። ጠባቂዎቹ ተጠይቀዋል፣ ሾፌሩም ተጠይቋል። እኔን ግን እጠይቃታለሁ ብሎ ያስመዘገበ አንድም ሰው የለም። የመሪ ሚስትን ማን ይጠይቃል? ለማስመዝገብ እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ስምሽን በጽሑፍ መስጠት ብቻ ነው። ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ልጅ ናት፤ ሰው አታመናጭቅም።

ለምን ራስሽ ተነስተሽ አትናገሪም ትዪኛለሽ። ሞክሬያለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ፣ በሩን ዘግቼ ሞክሬያለሁ። አፌ ይከፈታል፣ የሚወጣ ነገር የለም። ሐሙስ ራሴ እናገራለሁ ብዬ ቃል ብገባልሽ ሌላ ውሸት ነው የምጨምርልሽ። ግን ታውቂኛለሽ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልጠየቅ ዓመት ዝም የምል፣ ከተጠየቅኩ ደግሞ ሁሉን የምዘረግፍ ነኝ። እናታችን ማን ሰበረው ባለች ቁጥር ስንት ጊዜ በእኔ አፍ ተገርፈሻል! አንቺ አፈ ቀዳዳ እያልሽ ለሦስት ቀን ታኮርፊኝ ነበር። ምናልባት ያ ነገሬ እንኳ አልሞተ ይሆናል።

ስለዚህ ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ለምን ለሚለው መልስ የለኝም። ባልሽ የት ነበር ብለሽም አትጠይቂኝ፤ ለእሱ የተጠና መልስ አፌ ውስጥ አስቀምጠውልኛል። ከሥዕሉ አጠገብ ቁሚና፣ ጥላውን በጣትሽ አሳይተሽ፣ ይህን ስትስዪ ስንት ሰዓት ነበር በዪኝ። ከዚያ ዓይኔን እዪ። ሌላ ምንም አትጨምሪ።

አንድ ሌላ ነገር ልለምንሽ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ልጄን ሚስማር ጎራሹ አንቺ ጋ ያመጣታል። አክስትሽ ናፍቃሻለች ብያታለሁ፤ ደስ ብሏታል፤ አሁንም ያንቺን ሳቅ እያስመሰለች ታስቀኛለች፣ ማለት ታስቀኝ ነበር። ሽንኩርት ካየች አትበላም፤ ፍጪውና አትንገሪያት። ውሻ ትፈራለች። ትልቁ ልጅሽ ስለ አባቷ ቢናገራት አትቆጪው፤ እሱም እውነቱ ነው፤ ግን ያን ዕለት ማታ ብቻ እንዲታገስላት ለምኚልኝ። ስንት ቀን ትቆያለች ብትዪኝ አላውቅም። ሻንጣዋን ራሴ አዘጋጅቻለሁ። ጊዜው በጋ መሆኑን አልረሳሁም፤ ወፍራም ካፖርቷንም ከትቼበታለሁ፤ እጅጌውንም እንድታድግበት ብዬ ትንሽ አስረዝሜዋለሁ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ልጆችሽ አድገው ይጡሩሽ፤ እጅሽ ከሰው እጅ አይጠብቅ። የወንድም ጋሼን ነፍስ በብርሃን ቦታ ያኑርልን። በርሽን ዘግተሽብኝ እንኳ ካንቺ ሌላ ልጄን የማስቀምጥበት ቤት አላገኘሁም፤ ለዚህም አንቺን ያኑርልኝ።

የምትወድሽ ታናሽሽ